ብርዱን ከሁለቱም ወገን ቀንሰው

በሬሜዲያል ሒሳብ የመጀመሪያው ቀን አንዲት ገጽ አድላለሁ። የኮርሱ ሕግ ናት፦ መቅረት፣ ማርፈድ፣ ክዊዝ፣ የቤት ሥራ፣ ስልክ፣ ኩረጃ። ወረቀቷ መጨረሻው ወንበር ሳትደርስ ነቆራው ይጀምራል። እዚህ አሰላ ከጎጃምም ከወላይታም ከባሌም ከአዲስ አበባም የመጣ ልጅ ይቀመጣል፤ ምላስ ላይ ግን ሁሉም ያገር ልጅ ነው። እኔም ዝም አልልም።

«ቲቸር፣ ሁለት ሰዓት ክላስ በዚህ ብርድ?»

ብርዱ ለአንተም ለእኔም አንድ ነው። ከኢኩዌሽን ሁለት ወገን እኩል ነገር ሲቀነስ ኢኩዌሽኑ አይዛባም። ብርዱን ከአንተም ከእኔም ቀንሰው፤ የሚተርፈው ክላሱ ነው።

«እኔ የቆላ ልጅ ነኝ እኮ።»

ጋቢህን ደርበህ ና። ጋቢ የሚከለክል አንቀጽ ወረቀቷ ላይ የለም።

«ያረፈድኩት አምስት ደቂቃ ናት።»

ቅንፉን የፈታሁት በዚያች አምስት ደቂቃ ነው። የቀረውን ሰዓት «ይቺ ፕላስ ከየት መጣች?» እያልክ ጎረቤትህን ስትጎነትል ትውላለህ። ያረፈድከው አንተ ብቻ፣ ክላሱ ያመለጣችሁ ሁለታችሁ።

ሕጉን ያጠበቅኩት ጉልበት ለማሳየት አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ኩረጃው ሲዘጋ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት የመጣው ከመጀመሪያው ውጤት በኋላ ነው፤ በጥቂት ወራት የዓመታቱን ጉድለት ለመሙላት። ስለዚህ አንድ ቀን የቀረ ልጅ አንድ ቀን አይደለም የቀረው፤ በመደበኛው ትምህርት ሳምንት የሚወስድ ነገር ነው ያለፈው። ይህን በየዓመቱ አያለሁ፤ በየዓመቱም ያንገበግበኛል።

አንድ የኢተያ ልጅ ከኋላ ተነሳ። «ቲቸር፣ እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ኤክስ ማሳችን ላይ ታይታ አታውቅም።»

ታይታለች፤ ከረጢት ውስጥ ነበረች። ና ውጣ፣ ቾኩን ያዝ። አባትህ ለአንድ ሄክታር ስንዴ አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ገዙ እንበል። ከመቶ ኪሎው ናይትሮጅኑ ስንት ነው? 19 ኪሎ። ዩሪያስ? ከመቶው 46። የልማት ሠራተኛው ደግሞ «ለዚህ አፈር 65 ኪሎ ናይትሮጅን ይግባ» አለ እንበል። ስንት ኪሎ ዩሪያ ይጨመር? ልጁ ጭንቅላቱን አከከ፤ ከዚያ እንዲህ ጻፈ፦ 19 + 0.46ኤክስ = 65። ከሁለቱም ወገን 19 ቀነሰ፦ 0.46ኤክስ = 46። አካፈለ፦ ኤክስ = 100።

«ኩንታል ዩሪያ ናት!» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። ያ ሳቅ በጣም ደስ ይለኛል፤ የገባው ሰው ሳቅ ነው። ካዱ፣ ማለትም በስዊድን እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 እዚሁ የተመሠረተው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወደ አርሲ ገበሬ ሲያስገባ አያቶቻችሁ የተነገራቸው ስንት እንደሚበተን ነበር። ለምን ያን ያህል እንደሚበተን ግን የሚያሰላው ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው የኢተያ ልጅ ይሁን ብዬ ነው ቾኩን የሰጠሁት።

«እኔ ሶሻል ነኝ፤ ሕግ ነው የምገባው።»

እንኳን ደህና መጣህ። የዛሬ 1,200 ዓመት ገደማ ባግዳድ ላይ ስለ አልጀብራ የጻፈው አል-ኸዋሪዝሚ፣ ከመጽሐፉ ሰፊውን ክፍል የሰጠው ለውርስ ክፍፍል ነው። ሚስት ይህን ያህል፣ ልጅ ይህን ያህል፣ ለተናዘዙለት ይህን ያህል፤ የቀረው ስንት ነው? ነገ ደንበኛህ ይዞልህ የሚመጣው ክርክር ይኸው ነው።

«መልሱ ልክ ከሆነ መንገዱ ምን ያደርግልዎታል?»

ልክ የሆነ መልስ ከጎረቤት ወንበርም ይገኛል። እኔ ማየት የምፈልገው የአንተን እጅ ነው። «መንገዱን አሳይ» የሚለውን ሕግ ምክንያት ሰሌዳ ላይ ማሳየት ይሻላል፦

5 − 2(ኤክስ − 3) = 1

ከክፍሉ የሚበዛው እንዲህ ይሠራዋል፦ 5 − 2ኤክስ − 6 = 1፤ ስለዚህ ኤክስ = −1። ሌላው ደግሞ 5 ላይ 2ን ቀንሶ 3(ኤክስ − 3) = 1 ብሎ ይጀምራል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ስህተታቸው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ቅንፉን መፍታት ያውቃል፤ የጠፋችበት አንዲት ምልክት ብቻ ናት፤ ማይነስ 2 ማይነስ 3ን ሲያባዛ ፕላስ 6 ነው የሚወጣው። ሁለተኛው ማባዛት ከመቀነስ እንደሚቀድም አላወቀም። መልስ ብቻ ጽፈው ቢሰጡኝ ሁለቱንም በኤክስ ምልክት ገድዬ አልፋቸዋለሁ። መንገዱን ከጻፉልኝ ግን ለመጀመሪያው ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ፤ ሁለተኛውን ቢሮዬ እጠራዋለሁ። ሥራውን ያላሳየ ተማሪ የራሱን ምርመራ ከለከለኝ ማለት ነው።

«መሳሳቴን በምን አውቃለሁ ታዲያ?»

መልስህን ወደ መጣበት መልሰው። −1ን አስገባ፦ 5 − 2(−4)፤ 13 ነው። 13 ከ1 ጋር እኩል ነው? አይደለም። 5ን አስገባ፦ 5 − 2(2)፤ 1። ጨርሰሃል። እኔን አትጠብቅ፤ የመልስ ወረቀትም አትጠብቅ። ልክ መሆንህን ራስህ የምታረጋግጥበት ትምህርት ብዙ የለም፤ ይሄ አንዱ ነው፤ ለዚህም ነው የምወደው።

«ፎቶማዝ የሚባለው የስልክ አፕ በሦስት ሰከንድ ይፈታዋል።»

ፈተና አዳራሽ በር ላይ ስልኩ ይቀራል፣ አንተ ትገባለህ። ከሁለታችሁ ማናችሁን ላስተምር?

«አሳይንመንቱን በግሩፕ ሠራነው።»

ስምንት ስም፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ። ከስምንቱ አንዱን ሰሌዳ እጠራለሁ፤ እሱ ያመጣው ማርክ የስምንታችሁም ነው። ስለዚህ የሠራው ልጅ ለሰባቱ ሳያስረዳ እንዳይተኛ።

«አጤሬራ ብያዝስ?»

ዜሮ ነው፤ ከዚያም ወደ ዲሲፕሊን። እሱን ትንንሽ ፊደል ለመጻፍ ያመሸህበትን ሰዓት ለመቸከል ብታውለው ወረቀቷ ባላስፈለገችህ ነበር።

«ዋናው ፋይናሉ ነው ቲቸር፣ ያኔ እንቸክላለን።»

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ነው የምመልሰው። ከሬሜዲያል ውጤት 30ው እኛ ጋ ነው፤ 70ው ከማዕከል የሚመጣው ፈተና ነው። መስመሩ 50 ነው። ሒሳብን ለብቻው ወስደን እናስላ። በክዊዝና በቤት ሥራ ከ30 6 ብቻ ከያዝክ፣ 6 + ኤክስ = 50፤ ከ70ው 44 ማምጣት አለብህ፤ ወደ 63 በመቶ። 24 ይዞ የገባው ጓደኛህ ግን 26 ይበቃዋል፤ 37 በመቶ። አንድ አዳራሽ፣ አንድ ፈተና፤ ለእናንተ ግን አንድ አይደለም።

አላመንክም? ወደ በቆጂ እንሂድ። የበቆጂው ልጅ ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሲጨርስ 25 ዙር ነው የሮጠው። 1,577.53 ሰከንድ ለ25 ሲካፈል ለዙር 63.1 ይደርሳል። አሁን አንተ 24ቱን ዙር እያንዳንዱን በ65 ሩጥ፤ ከእሱ አማካይ በሁለት ሰከንድ እንኳ አልዘገየህም። 24 ጊዜ 65፣ 1,560። ለመጨረሻው ዙር የቀረህ 17.53 ሰከንድ ነው። አራት መቶ ሜትር በ17 ሰከንድ የሮጠ ሰው አልተወለደም። በየዙሩ የተጣለች ሁለት ሰከንድ መጨረሻ ላይ ተጠራቅማ ትጠብቅሃለች፤ በየሳምንቱ የተጣለች ክዊዝም እንደዚያው።

«ትንሽ ማርክ ይጨምሩልኝና…»

ሰባው እኔ ኪስ ውስጥ የለም። ቢኖርም ፍሬሽማን ስትሆን የሚጠብቅህ ፈንክሽን የማርክ ምጽዋቱን አይቆጥርልህም።

ከሁሉም ሳልመልስ ማለፍ የማልችለው አንድ አባባል አለ። አንዲት ልጅ በዝግታ፣ ማንንም ለማሳቅ ሳትሞክር «እኔ ለሒሳብ አልተፈጠርኩም» ትላለች።

ማን ነገረሽ?

«ስድስተኛ ክፍል ቲቸራችን።»

እሱ በአንድ ቀን ተናግሮት ረስቶታል፤ አንቺ እስከ አሰላ ይዘሽው መጣሽ። እዚሁ በር ላይ አውርጂው። ክፍልፋይ መደመር ላይ ነው የተቋረጥሽው፤ ክዊዝሽን አይቻለሁ፤ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምረሽ ሁለት አምስተኛ ብለሻል። ከዚያች ተነስተን እንሄዳለን። የሁለት ሳምንት ሥራ ነው እንጂ የተፈጥሮ ጉዳይ አይደለም። እንዲህ ያለችዋ ልጅ ከክፍል ስትቀር መቅረቷን ዝም ብዬ መዝገብ ላይ አልጽፍም፤ የት እንዳለች እጠይቃለሁ።

ነቆራው ለተማሪ ብቻ አይደለም። ለእኛ ለመምህራንም ይገባል።

«ልጆቹ ቤዝ የላቸውም» የምትለው ወዳጄ፦ ቤዝ ቢኖራቸው ሬሜዲያል ምን ሊያደርጉ ይመጡ ነበር? ደሞዝ የሚከፈልህ ለዚያ ለሌለው ቤዝ ነው።

«እኔ ኮርሱን ሸፍኛለሁ» የምትለውም፦ ሸፍነኸዋል፤ አላዩትም።

«በእንግሊዝኛ ካልሆነ አላስረዳም» የምትለው ደግሞ ስማኝ። የኦሮሚያ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ሒሳብ ተምሮ 9ኛ ላይ በአንድ ክረምት ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ብዙ ጊዜ የከበደው አልጀብራው አይደለም፤ የጥያቄው ዓረፍተ ነገር ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና ቃሉን በእንግሊዝኛ ይልመደው፤ አዎ። ነገር ግን «ናፍ ሂንገሌ» ሲልህ፣ አልገባኝም ማለቱ ነውና፣ ያው ዓረፍተ ነገር ጮክ ተብሎ ቢደገም አይገባውም። በሚገባው ቋንቋ አስረዳው፤ የአማርኛውን ልጅ በአማርኛ፣ የኦሮሞውን በአፋን ኦሮሞ፤ አንተ ካልቻልክ የሚችል ተማሪ ከክፍሉ አይጠፋም። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ምልክት ለሁሉም አንድ ነው።

ስለዚህ የኮርሱ ወረቀት ጀርባ ላይ ያሉት እኔን የሚያስሩ ሕጎች ናቸው። የክዊዝ ወረቀት በሳምንቱ ታርሞ ይመለሳል፤ ተማሪ ስህተቱን የሚያየው ፋይናል ካለፈ በኋላ ከሆነ እርማቱ ለማንም አልጠቀመም። እኔ ካረፈድኩ የዕለቱ ስም ጥሪ ይሰረዛል። የታመመ የሐኪም ወረቀት ካመጣ ማካካሻ ፈተና ያገኛል፤ ለቅሶ የሄደም እንዲሁ፤ ቤተሰቡ ሩቅ ላለ ልጅ መንገዱም ይታሰብለታል። ማንም ከሰሌዳ ፊት ተሳስቶ አይሳቅበትም፤ የሳቀበት ወጥቶ ቀሪውን ይሠራዋል።

«ቢሮዎ መቼ ልምጣ?» ይለኛል ያ የቆላው ልጅ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ።

ማክሰኞና ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ።

«ምን ይዤ?»

ሞክረህ ያበላሸኸውን። ባዶ ወረቀት ይዘህ ከመጣህ መጀመሪያ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለህ አንድ መስመር ትጽፋለህ፤ ከዚያ በሩን አንኳኳ።