«ዝጋው!»፦ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ስላለው የሙቀት ዝውውር የቀረበ ጥናት

ሙቀት ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደው በሦስት መንገድ ነው፦ በንክኪ፣ በሚንቀሳቀስ አየርና በጨረር። ሦስቱንም በአንድ ሒሳብ ማጥናት የሚቻለው ባለ 12 ወንበር ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነው። ይህ ቤተ ሙከራ እስካሁን በወጉ ሳይጠና የቀረው፣ ምናልባት አጥኚዎቹ የራሳቸው መኪና ስላላቸው ይሆናል።

ከንክኪ እንጀምር። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል ትርፍ ሊጭን ነው ብሎ የሚጠረጥር ተሳፋሪ አለ። ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ ሳይንሱ ግን ከዚያ ይሰፋል። ብዙ ሰው ተጠጋግቶ መቀመጥ እርስ በርስ ያሞቃል ብሎ ያምናል። ነገር ግን ሙቀት የሚፈሰው የሙቀት ልዩነት ሲኖር ብቻ ስለሆነ፣ እኩል የሞቁ ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው የሚሰጠው ነገር የለም። የሚያደርጉት ነገር ቢኖር አንዱ የሌላውን መውጫ መዝጋት ነው፤ ይህም በታክሲ ውስጥ ብቻ የሚታይ ጠባይ አይደለም።

ቁጭ ብሎ የሚጓዝ አዋቂ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። 12 ተሳፋሪ፣ ሹፌርና ረዳት ሲደመሩ 1,400 ዋት ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋት አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ በሕጋዊ ጭነት እንጀራ መጋገር አይቻልም፤ ለዚያ 35 ሰው ያስፈልጋል። አመሻሽ ላይ መገናኛ አካባቢ ወደዚህ ቁጥር ለመድረስ የሚደረገው ጥረት የሚበረታታ ነው።

ስለ ጨረር ብዙ የሚባል የለም። የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ ይገባል፤ የሞቀው ወንበር የሚመልሰውን የሙቀት ጨረር ግን መስታወቱ አያሳልፍም። በፀሐይ በኩል ያለው ወንበር ዘግይቶ ለገባ ሰው የተጠበቀ ነው።

ዋናው ጉዳይ ነፋስ ነው፤ ሊቃውንቱ የተከፋፈሉትም እዚህ ላይ ነው። መስኮቱን «ክፈተው» ባዮች በቁጥር ጥቂት፣ በዕድሜ ለጋ፣ በድምፅ ለስላሳ ናቸው። «ዝጋው» ባዮች ደግሞ ክርክር አይወዱም፤ ከኋላ ወንበር እጃቸውን በሰው ትከሻ ላይ አሳልፈው ራሳቸው ይዘጉታል።

ከሜክሲኮ ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ በሐምሌ አንድ ጠዋት የታየውን እንመልከት። መስታወቱ በሙሉ ደብዝዟል። ከትንፋሽና ከበሰበሰ ጃኬት የወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ሲያርፍ ሙቀቱን ያለ ደረሰኝ አስረክቦ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ተንቆርቁሮ የጎማው ክፈፍ ላይ ይጠራቀማል። አንድ ተማሪ መስኮቱን ሦስት ጣት ያህል ገፋ አደረገው። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ እናት ወዲያው «ልጄ፣ ዝጋው፤ ብርድ ገባብኝ» አሉ። ተማሪው ፊዚክስ ያጠና ነበር። «እማማ፣ ጀርመናዊው ክላውዚየስ እ.ኤ.አ. በ1850 እንዳሉት ሙቀት በራሱ ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት አይሄድም። ስለዚህ ብርድ አይገባብዎትም፤ የእርስዎ ሙቀት ነው የሚወጣው» አላቸው። እናት ጥቂት አሰቡና «የሚወጣውስ በየት ነው? ዝጋዋ!» አሉት።

መስኮቱ ተዘጋ። በዚህ መልስ ላይ እስካሁን የተገኘ ስህተት የለም።

ግራና ቀኝ መስኮት አብሮ ሲከፈት «ነፋስ ተላለፈ» የሚለው አቤቱታም መሠረት አለው፤ አየር መግቢያም መውጫም ሲያገኝ ነው የሚፈጥነው። በተከሳሹ በኩል መነሳት ያለበት አንድ ነጥብ ግን አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ፣ እኩል የቀዘቀዘ ነፋስ ጂቡቲ ላይ ቢኖር ኖሮ የበለጠ ሙቀት ይወስድ ነበር። የአዲስ አበባ ነፋስ ከድርሻው በላይ ተከሷል፤ ጠበቃም አላቆመም።

«ዝጋው» ባዮች ያልተጠቀሙበት ትልቅ ምስክር አላቸው። ሙቀት እንዴት እንደሚተላለፍ እ.ኤ.አ. በ1822 በሒሳብ አስልቶ ያሳተመው ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፉሪየር፣ ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ ክፍሉን አፍኖ፣ ልብስ ደራርቦ ይኖር እንደነበር ይነገራል። ጋቢ አለማግኘቱ ያሳዝናል። የሙቀትን ሕግ የጻፈው ሰው ታክሲ ቢሳፈር ኖሮ እጁን በትከሻችን ላይ አሳልፎ ይዘጋብን ነበር ማለት ነው።

የቀረው ችግር ጉንፋን ነው። ጉንፋንን የሚያመጣው ነፋስ ሳይሆን ቫይረስ ነው፤ ቫይረስ ደግሞ ሒሳብ ሳይከፍል የሚሳፈርና የተዘጋ መስኮት የሚወድ ተጓዥ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የታክሲ መስኮት ይከፈት ተብሎ ነበር። ያን ጊዜ ጸጥ ያሉት «ዝጋው» ባዮች አሁን በሙሉ ኃይላቸው ተመልሰዋል።

ስለዚህ መስኮት ጋ የምትቀመጥ አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ጣት ያህል ክፈት። ማን ከፈተው ከተባልህ፣ ስገባም ክፍት ነበር በል።