የነጻው ሰማይ ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረውና በነሐሴ ወር በሚሺጋን ሐይቅ ዳር የሚካሄደው የቺካጎ የአየርና የውሃ ትርኢት መግቢያው ነጻ ነው መባሉ፣ የጦር ጄቶቹን ነዳጅ ግብር ከፋዩ ተመልካች ራሱ አስቀድሞ እንደ ከፈለ ለሚያውቅ ሰው ፈገግ ያሰኛል። እንደ ብሉ ኤንጅልስ ያለው፣ ማለትም በ1946 የተመሠረተው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የበረራ ትርኢት ቡድን፣ ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግቶ ሲያልፍ፣ ከማለዳ ጀምሮ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ፀሐይ መከላከያ ቅባት ተለቅልቀው የጠበቁት ጓደኛሞች ስልካቸውን የሚቀስሩት ጩኸቱ ወደ መጣበት አቅጣጫ ነው። ጄት ግን ድምፁን ከኋላው አስከትሎ ስለሚበር፣ እነርሱ ሲያነጣጥሩ (ትዕግሥታቸው የሚደነቅ ነው) እርሱ በሌላ በኩል ካለፈ ቆይቷል። ለዘመድ የሚላከው ቪዲዮም ባዶ ሰማይና የጎረቤት ጃንጥላ ብቻ ነው።