ዱባይ ኦሎምፒክ ልታዘጋጅ ነው ሲሉዎት

ዴይራም ይኑሩ፣ ሻርጃ ናህዳም ይኑሩ፣ አጅማን ኑዓይሚያም ይሁኑ፣ አንድ ዓርብ ቡና እየተፈላ «ዱባይ ኦሎምፒክ ልታዘጋጅ ነው አሉ!» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። አይደንግጡ። ፊትዎን ኮስተር አድርገው «ጥናት ላይ ነው» ይበሉ። ይህ መልስ እስካሁን ማንንም አላሳፈረም። ከተማዋ ለ2016 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ስሟ ተነሣ፤ ለ2020 ታሰበ፤ በ2011 ግን ለ2020 እንደማትወዳደርና ዐይኗን ወደ 2024 እንዳዞረች ተነገረ። ለ2024 ፓሪስ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሮም፣ ሃምቡርግና ቡዳፔስት ሲሰለፉ ዱባይ ከሰልፉ ውስጥ አልነበረችም።

«ስታዲየሙስ?» ብሎ የሚያፋጥጥዎት ካለ፣ ዱባይ ስፖርት ሲቲ ውስጥ 60 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ታቅዶ እንደነበር ይንገሩት። እንዳልተሠራ ራሱ ይድረስበት። እስከዚያው እዚያው ግቢ በ2009 የተከፈተውን የክሪኬት ስታዲየም ያሳዩትና የጨዋታውን ሕግ እንዲያስረዳዎት ይለምኑት። ወሬው እዚያው ያበቃል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ዱባይ ኦሎምፒኩን ትታ ኤክስፖ 2020ን ያዘች፤ ኖቬምበር 27 ቀን 2013 ፓሪስ ላይ የካተሪንበርግን፣ ኢዝሚርንና ሳኦ ፓውሎን በድምፅ አሸነፈች። ቡርጅ ኸሊፋ ላይ ርችት ተተኮሰ። እንዲህ ያለ ርችት ዳግም ከታየ ቪዲዮ መቅረጹን ለሌላ ይተዉና በዚያው ሌሊት አከራይዎን ፈልገው ውልዎን ያሳድሱ። ቤድ ስፔስ ላይ ከሆኑ ደግሞ አልጋዎን በዐይንዎ ይጠብቁ። የዱባይ ኪራይ ሲያሻቅብ ሰው ወደ ሻርጃ ይሸሻል፤ ሻርጃ ሲወደድ ወደ አጅማን፤ ከአጅማን ወዲያ የት እንደሚሸሽ የትኛውም የዝግጅት ኮሚቴ አስቦበት አያውቅም።

ደግሞ ልብ ይበሉ፤ ኤክስፖ 2020 የተከፈተው በኦክቶበር 2021 ነው። ዱባይ የተወችው ኦሎምፒክም፣ ማለትም ቶኪዮ 2020፣ የተካሄደው በ2021 ነው። ሁለቱም ወረርሽኙ አዘግይቷቸው ስማቸውን ሳይቀይሩ መጡ። ስለዚህ የመጋቢትን ኪራይ በሰኔ ሲከፍሉ አንገትዎን አይድፉ፤ ሁለት ዓለም አቀፍ ምስክሮች አሉዎት።

ሙቀቱን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ አይከራከሩ። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሕንፃ የሚሠራ ሰው እንኳ ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ሕግ ይከለክላል። ዶሃ ለ2016ቱ ኦሎምፒክ ስትወዳደር ሙቀቱን ሸሽታ ጨዋታውን በኦክቶበር ላድርገው ብላ በ2008 ከዕጩነት ቀርታለች። በ2019 ደግሞ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ደረሳትና የሴቶቹን ማራቶን እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው አስጀመረች። 68 ሴቶች ተነሡ፤ 40 ጨረሱ። ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ፣ ሦስቱም የእኛዎቹ፣ ካልጨረሱት መካከል ነበሩ። «ማታ ማታ እኮ ይቀዘቅዛል» የሚልዎት ሰው ኦገስት ላይ አጅማን አውቶቡስ ጠብቆ አያውቅም።

መጓጓዣ ካነሣን፣ የዱባይ ሜትሮ ሻርጃ አይደርስም። የኦሎምፒክ መክፈቻ ካማርዎት ከአጅማን በዋዜማው ይነሡ፤ የኢትሃድ መንገድ መብራትና መኪና ይበቃኛል ካሉ ግን በዕለቱም ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር፣ ዱባይ ስታጠና ሻርጃ ሠርታለች። የአካል ጉዳተኞችን የኢዋስ የዓለም ጨዋታዎች በ2011ም በ2019ም አስተናግዳለች። በዚያው በ2019 አቡ ዳቢ ስፔሻል ኦሎምፒክን ስታዘጋጅ ዱባይ የተወሰነውን ውድድር ተካፍላለች። አጅማን ምንም አላዘጋጀችም እንዳይሉ፤ አንድ ክፍል ውስጥ አራት አገር አሳድራ በማለዳ ለሥራ የምታስነሣ የአትሌቶች መንደር ናት።

ስፖርቱን ማየት ብቻ ከሆነ ፍላጎትዎ ግን ድምፅ የሚሰጥ ኮሚቴ አይጠብቁ፤ የዱባይ ማራቶን በየዓመቱ ብርዱ ሳይወጣ ይሮጣል፤ መንገድ ዳር ለመቆም ቲኬት የለውም። ኃይሌ ከ2008 እስከ 2010 ሦስቴ ተከታትሎ አሸንፎበታል፤ ታምራት ቶላና ሞስነት ገረመውም እዚሁ ድል አድርገዋል። ዋዜማውን ዴይራ ዘመድ ቤት ይደሩ፣ ባንዲራዎን ይያዙ።

ባንዲራ ካልሁ አይቀር አንድ ፈታኝ ጉዳይ አለ። ቤተልሔም ደሳለኝ ለንደን 2012 ላይ፣ አሊያ ሰዒድ ሪዮ 2016 ላይ የሮጡት ለኤምሬትስ ነው፤ የተወለዱት ግን ኢትዮጵያ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ በቴሌቪዥን ስትሮጥ እርስዎ ሶፋው ጀርባ ቆመው እልል ሊሉ ሲዳዳዎት፣ አሠሪዎ መዳም ዞር ብላ «ማንን ነው የምትደግፊው?» ብትልዎ ስም አይጥሩ፣ አገርም አይጥሩ። «የቤታችንን ልጅ» ይበሉ። እሷም ትደሰታለች፣ እርስዎም አልዋሹም።