የማያስፈራውን ፈርቶ የሚያስፈራውን ለመናቅ

ቀጥተኛውን ምክር ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ሰምተንም አልፈነዋል። ስለዚህ ለሰፈሬ፣ ለአዲስ አበባው ጎፋ ሰው፣ ይህን የተገለበጠ ምክር ጻፍኩ። ቃል በቃል የሚፈጽመው ሰው ይጎዳል። ብዙዎቻችን ሳይታወቀን እየፈጸምነው መሆኑ ነው ያስጻፈኝ።

ከሁሉ በፊት ፍርሃታችሁን ከዜና ተቀበሉ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ያን እሁድ አስታውሱ፤ ሊረሳም አይገባም። ከዚያ ግን ለዘመድ ሠርግ ባሕር ዳር ስትጠሩ «አውሮፕላን አልሳፈርም» በሉና ሾፌሩ ከእንቅልፍ ጋር እየታገለ ሌሊቱን የሚነዳው ሚኒባስ ውስጥ ግቡ። በአዲስ አበባ ውስጥ ብቻ በየዓመቱ 400 ገደማ ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል፤ አብዛኛው እግረኛ ነው። አንድ አንድ እያለ በየሰፈሩ ስለሚቀበር ግን የሐዘን ቀን አይታወጅለትም። አሜሪካኖችም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ከደረሰው የሽብር ጥቃት በኋላ ብዙዎቹ በረራ ፈርተው በመኪና ተጓዙ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጌርድ ጊገረንዘር በአንድ ዓመት ውስጥ በዚህ ምክንያት 1,500 ያህል ተጨማሪ ሰዎች መንገድ ላይ እንደሞቱ ገምቷል።

ቀጥሎ «እስከ ዛሬ ምን ሆንኩ?» ማለትን ልመዱ። ቀለበት መንገዱን ስታቋርጡ የእግረኛ ድልድዩን ትታችሁ በመሃል አጥሩ ላይ ዝለሉ። ትናንት ተሻገራችሁ፣ ዛሬም ተሻገራችሁ፤ ነገም ያው ነው ብላችሁ ደምድሙ። እስቲ አብረን እናስላው። አንዱ ዝላይ የሚያስገጨው ከ10,000 አንዴ ብቻ ነው እንበል። እንዲህ ያለ ዕድል ማንንም አያስፈራም። በቀን ሁለቴ፣ በዓመት 300 ቀን፣ ለዐሥር ዓመት የሚዘል ሰው ግን 6,000 ጊዜ ይዘላል፤ ቢያንስ አንዴ የመገጨቱ ዕድልም ከመቶ 45 ይደርሳል። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ወሰድኩት እንጂ ስሌቱ ትክክል ነው። ትንሽ አደጋ ሲደጋገም ትንሽ ሆኖ አይቀርም። እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ያን አጥር ሲሻገሩ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይቆማል።

ሾፌር ከሆናችሁም የሐምሌ ገብርኤል ዕለት፣ መንገዱ ረጥቦ ነጠላ የለበሰው ምእመን ወደ ጎፋ ገብርኤል ሲጎርፍ፣ ከ30 ይልቅ በ60 ንዱ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ጸልዩ፤ ጸሎቱ ተገቢ ነው። የደህንነት ቀበቶውን ግን እንዳታስሩ።

ገንዘባችሁን በተመለከተ ደግሞ «ለጥቂት» የምትለውን ቃል እመኑ። ጎፋ ማዞሪያ ጋ ሎተሪ ግዙ። አንድ ሚሊዮን ትኬት ከሚወዳደርበት ዕጣ በየሳምንቱ አንድ አንድ የሚቆርጥ ሰው፣ አንደኛው ዕጣ አንዴ እንዲደርሰው በአማካይ ከ19,000 ዓመት በላይ መቁረጥ አለበት። ይህ ካሰለቻችሁ የእግር ኳስ ውርርድ አለ፤ ዐሥር ጨዋታ በአንድ ወረቀት። እያንዳንዱን የማግኘት ዕድላችሁ ከመቶ 70 ነው እንበል፤ ጎበዝ ገማች ናችሁ ማለት ነው። ዐሥሩንም የማግኘት ዕድላችሁ ግን ከመቶ 3 አይሞላም። ዘጠኙ ሰምሮ አንዱ የሚከሽፍበት ዕድል ከመቶ 12 ነው፤ ሙሉ ከማሸነፍ አራት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ «አንድ ጨዋታ ነው ያቃጠለኝ» ማለት የጨዋታው ተፈጥሮ እንጂ የመቃረብ ምልክት አይደለም። የሰፈራችን ወጣቶች የቀን ገቢያቸውን ይዘው ወደዚያ ሲመለሱ የሚመልሳቸው ይህ ስሜት ነው፤ ቁጥሩን ቁጭ ብሎ ያሳያቸው ሰው ግን የለም።

ክረምት ሲገባ የማይታየውን ናቁ። ይህ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ጎፋ ሐምሌ ላይ ይበርዳል፤ የኪራይ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ውጭ ይዘንባል። የሚጤሰው ከሰል አደገኛ፣ ጭሱ ጠፍቶ አመድ የለበሰው ደህና ነው ብላችሁ እመኑ። ምድጃውን አስገቡ፣ በሩን ዝጉ፣ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ወትፉ፣ ልጆቹን አስተኙ። ራስ ምታቱንና ማቅለሽለሹን «ብርድ መታኝ» በሉት። እውነቱ ግን ቀልቶ የሚነደው፣ ጭስ የሌለው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ሌባ ፈርተን በሩን ሁለት ጊዜ እንቆልፋለን፤ ከተቆለፈው በር በስተጀርባ ያለውን ምድጃ ግን አንፈራም። ለመተኛት ስትሉ እሳቱን ከቤት አውጡት። ይህችን አንዲት መስመር አልገለበጥኳትም።

በመጨረሻ፣ እድራችሁ እንዳይማር አድርጉ። እድር ሞት እንደሚመጣ፣ ቀኑ ግን እንደማይታወቅ ተረድቶ በየወሩ የሚያዋጣ ማኅበር ነው፤ ይህን ስሌት በደንብ ያውቀዋል። ስለዚህ ጸሐፊው መዝገቡ ላይ ከሟቹ ስምና ከቀኑ ጎን «በምን ምክንያት» የሚል አምድ ልጨምር ካለ ተቃወሙት። በሽታ፣ መኪና፣ ከሰል፣ መውደቅ እየተባለ ዐሥር ዓመት ከተመዘገበ፣ ጎፋ ውስጥ ሰው በእርግጥ በምን እንደሚሞት አባላቱ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ ያነቡታል። እኔ በበኩሌ በሚቀጥለው የእድራችን ስብሰባ አምዱ እንዲጨመር እጠይቃለሁ።