ጥላ ቢስ ዛፍ ይባረክ

ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው ሁሉ፣ የግቢው ስሚንቶ ገና ሳይደርቅ፣ ቀጫጭን ጥድ ፍለጋ ወደ ችግኝ ጣቢያ መሮጡ ሲያንገበግበኝ ኖሯል። «ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን የማይሄድ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም «ሞልቷል» ይለዋል። በሳምንቱ ከበሩ ግራና ቀኝ ሁለት፣ በአጥሩ ጥግ ደግሞ አንድ ረድፍ ሙሉ እንደ ተሰካ ጦር ተገትሮ ይገኛል። ዛሬ ግን ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ልማዱን ላመሰግነው ተነስቻለሁ። ምስጋና ይገባዋላ! ቀጭን ዛፍ ጨዋ ነው። የመኪና ማቆሚያውን አይሻማም፤ በታይልሱ ላይ ቅጠል አይበትንም፤ የሚበላ ፍሬ ስለሌለው የሰፈር ልጅ ድንጋይ አይወረውርበትም። የዘር ሐረጉም ትልቅ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ፣ የሜዲትራኒያኑ ጥድ ለሙታን ዓለም አምላክ የተሰጠ እንደነበረና የለቅሶ ምልክት ሆኖ በቤት ደጃፍ እንደሚቆም ጽፎልናል። ለቤት ምረቃ የተጠራው እንግዳ ፕሊኒን አለማንበቡ እንዴት ያለ መታደል ነው!

አንዳንድ ነቃፊ «ጥላ የለውም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ምክንያቱም የታወቀ ነው። ሽቅቡ ጥድ የሚያምርባቸው የቶስካና ኮረብታዎች ከምድር ወገብ በጣም ይርቃሉ፤ እዚያ ፀሐይ በበጋም ቢሆን አናት ላይ አትደርስም፤ ብርሃኗ ጋደል ብሎ ስለሚመጣ ቀጭን ዛፍም ከጎኑ ጥላ አያጣም። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ የቀጭኑ ዛፍ ጥላም ተሰብስቦ እግሩ ሥር ይገባል። የአገራችን ግራር አናቱን ጠፍጣፋ አድርጎ ወደ ጎን ስለሚዘረጋ ከላይ የሚወርደውን ፀሐይ ይቀበላል። ግራር ግን ፋሽን አያውቅም።

ደግሞስ የጥላ መጥበብ ለማኅበራዊ ኑሯችን ምን ያህል እንደሚበጅ ማን አሰበበት? ዋርካ ሥር መንደር ሙሉ ሰው ተቀምጦ ሲከራከር ይመሻል። በቀጭን ዛፍ ሥር ግን ዕድሩ የሚሰበሰበው በአንድ መስመር ነው። ሊቀመንበሩ ግንዱን ይደገፋል፤ ጸሐፊው ከእሱ ቀጥሎ፣ ገንዘብ ያዡ ከጸሐፊው ቀጥሎ፣ አባላቱም በየተራቸው አንዱ የሌላውን ማጅራት እያየ እስከ ጎረቤት አጥር ይሰለፋሉ። ፊት ለፊት መተያየት ስለሌለ ጠብ የለም። ጥላው ፈቀቅ ባለ ቁጥር ጉባኤው ወንበሩን ታቅፎ አብሮ ይፈቀቃል፤ የቃለ ጉባኤው መዝገብም በእጅ እንደተያዘ ይጻፋል። ረፋዱ በገፋ መጠን ጥላው ያጥራልና ከጫፍ ያሉት አባላት አንድ በአንድ ፀሐይ ላይ ይወጣሉ፤ ፀሐይ ላይ የወጣ አባል ድምፅ እንዳይሰጥ መተዳደሪያ ደንቡ ይሻሻላል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግንዱን የተደገፈው ሊቀመንበር ብቻ ይቀራል። መዋጮው በእጥፍ እንዲጨምር ሐሳብ ያቀርባል፤ ይደግፋል፤ በሙሉ ድምፅ ያጸድቃል። ከሰዓት በኋላ ጥላው በምሥራቅ በኩል ሲረዝም አባላቱ ተመልሰው ይሰለፋሉ፤ ሥራቸውም ማጨብጨብ ብቻ ነው። ሽምግልናውም በአንድ ሽማግሌ ያልቃል። ቡናም ቢሆን ጀበናው ከገባ ሲኒው ፀሐይ ላይ ይቀራል።

ወደ ጎን አይሄድም የተባለለት ዛፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሄዳል። በየችግኝ ጣቢያው የሚሸጠው የፈረንጅ ጥድ አብዛኛው የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ዘር ነው፤ ሲያድግ ከ30 ሜትር ሊያልፍ የሚችል፣ ቅርንጫፉን የሚዘረጋ ትልቅ ዛፍ። በአጥር ሥር ግማሽ ሜትር እየተራራቀ የተተከለው ይኸው ነው። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን በመቀስ ይሸለታል። ቅጠሉን በእጅ ገልጦ ያየ ሰው ግን አረንጓዴው የላይ ልባስ ብቻ መሆኑን ያውቃል፤ ውስጡ ብርሃን አጥቶ የደረቀ ቡናማ ጭራሮ ነው። መቀሱ ከአረንጓዴው አልፎ ጭራሮው ላይ ከደረሰ ጥድ ከዚያ ቦታ አያቆጠቁጥም፤ ቀዳዳው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ላይ የታየው የጥድ ክሽክሽም በ1990 ኬንያ ገብቶ ኋላም ወደ እኛ ዘልቋል፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ተጠጋግቶ የተሰለፈበት አጥር ደግሞ ለተባይ የተዘረጋ ማዕድ ነው። እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ፤ ሳይጠይቁ፣ ሳይለኩ፣ ጎረቤት ስለተከለ ብቻ መትከል ጅልነት ነው።

«ቦታዬ ጠባብ ነው» የሚለው መከራከሪያ ሚዛን የሚደፋ ነው። በግድግዳና በመኪና መንገድ መካከል ለቀረች ቀጭን መሬት በእርግጥ ቀጭኑ የሜዲትራኒያን ጥድ ይስማማ ይሆናል፤ ግቢውን በሙሉ በእሱ መሙላት ግን ሌላ ነገር ነው። ጠባብ ቦታ የሚፈልገው ደግሞ መገረዝ የሚችል ዛፍ ነው፤ ወይራ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ሲገርዙትም ያቆጠቁጣል። «ከጎረቤት ዓይን ይከልለኛል» ለሚለውም ጌሾ አለ። ጥቅጥቅ ብሎ ይከልላል፤ የተቆረጠው ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይውላል፤ የጥድ ቁራጭ ግን ለቆሻሻ ጫኝ ነው። «ሽቅብ ስለሚሄድ አያስቸግርም» ለሚለው ደግሞ ቀና ብሎ እንዲያይ እመክረዋለሁ፤ ከአጥሩ በላይ የመብራት ሽቦ አለ። ሽቦ የነካ ጥድ አናቱ ይቆረጣል፤ አናቱ የተቆረጠ ጥድ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ባለቤቱ የፈራውም መስፋቱን ነበር። ይህ ሁሉ ተነግሮት አሁንም ቀጥ ያለ ነገር ካልቆመልኝ የሚል ሰው ካለ የኮንክሪት ምሰሶ ይትከል፤ ውሃ አይጠጣ፣ ክሽክሽ አይበላው፣ ወደ ጎንም በጭራሽ አይሄድ።