ፕሮግራም የማያስገኝ ሜኑ አዘገጃጀት

የቤትዎ ኮምፒውተር ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ ከተቀመጠ ግማሹን ሥራ ጨርሰዋል። ከላይ ያማረን ነገር ውስጡን ገልጦ የሚያይ የለም። የሚቀርዎ የስታርት ቁልፍ ሲነካ የሚዘረጋውን የፕሮግራም ዝርዝር፣ እርስዎን ጨምሮ ማንም የፈለገውን እንዳያገኝበት አድርጎ ማሰናዳት ነው። ሙያው ኮርስ አይጠይቅም። «ኔክስት» የሚለውን ለመጫን የማይሰንፍ አንድ ጣት ይበቃል።

አዲስ ፕሮግራም ሲጭኑ በየገጹ ትንንሽ ሣጥኖች ቀድሞውኑ ራይት ተደርጎባቸው ይመጣሉ። አንዱ «ዴስክቶፕ ላይ ሾርትከት ላስቀምጥ?» ይላል፤ አንዱ «ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሬ ልነሣ?» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ጭራሽ የማያውቁትን ፕሮግራም እጁን ይዞ ቆሟል። በር ላይ የቆመን እንግዳ «ማን ነህ? ከየት መጣህ?» ብሎ መመርመር ነውር ስለሆነ አያንብቡ። ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ። አንድ የቪዲዮ ማጫወቻ ፈልገው ጀምረው በአንድ ማጫወቻ፣ በሁለት ቱልባርና በአንድ የአየር ሁኔታ ነጋሪ ይጨርሳሉ።

ጣትዎ ከደከመ ቴክኒሻን ይጥሩ። አጎቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ናቸው። ኮምፒውተራቸው ላይ ሁለት ነገር ይሠራሉ፤ ቀን የእድሩን ደብዳቤና የአባላት ዝርዝር ይጽፋሉ፣ ማታ ካርታ ይጫወታሉ። ፎርማት ሊያደርግላቸው የመጣው ልጅ «ጋሼ፣ ምን ምን ልጫንልዎ?» ሲላቸው «ያለህን ሁሉ» አሉት። ከፍለው የለ! ልጁም ሐቀኛ ነውና ያለውን ሁሉ ጫነ። ዛሬ የአጎቴ ሜኑ ላይ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራበት ኦቶካድ አለ፣ ፎቶሾፕ አለ፣ የስታቲስቲክስ መተንተኛው ኤስፒኤስኤስ አለ፣ ሲዲ በርነር አለ (ኮምፒውተሩ የሲዲ ማስገቢያ የለውም)፣ አራት የፊልም ማጫወቻ፣ ሦስት የግዕዝ መጻፊያ፣ ሁለት አንቲቫይረስ አለ። አንቲቫይረሶቹ ሁለት የሆኑት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ነው። እነሱ ግን አንበሳውን ትተው እርስ በርስ ሲተሳሰሩ ይውላሉ፤ አንድ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም እኔ ልፈትሽ፣ እኔ ልፈትሽ ይላሉ፣ አጎቴም መነጽራቸውን አውልቀው ይጠብቃሉ።

ይህ ጥበብ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1995 ዊንዶውስ 95 ሲወጣ የስታርት ቁልፍ አብሮት መጣ፤ ማይክሮሶፍትም ለማስታወቂያው የሮሊንግ ስቶንስን «ስታርት ሚ አፕ» አስዘፈነለት። በዚያ ዘመን አንድ ፕሮግራም ሜኑ ላይ ሲሰፍር ብቻውን አይመጣም። በኩባንያው ስም ፎልደር ይከፍታል፤ በውስጡ በራሱ ስም ሌላ ፎልደር፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ ራሱን፣ መመሪያውን፣ «አንብበኝ» የሚለውን ወረቀት፣ የድረ ገጹን አድራሻና የራሱን ማጥፊያ ይደረድራል። ከዚያ ሁሉ ቤተሰብ የሚፈለገው አንዱ ነው። ማውዙን ደረጃ በደረጃ እያሻገሩ ሄደው ሦስተኛው ላይ እጅዎ ትንሽ ካዳለጠ ዝርዝሩ በሙሉ እጥፍ ብሎ ይዘጋል፤ እንደገና ከሀ።

ዊንዶውስ 8 እ.ኤ.አ. በ2012 ቁልፉን ከቦታው አነሣውና ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር በባለ ቀለም ጡብ ሞላው። ሕዝብ ጮኸ፤ በቀጣዩ ዓመት 8.1 ሲመጣ ቁልፉ ተመለሰ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በ2021 ከግራ ጥግ አንሥቶ መሐል ላይ አስቀመጠው። በግርግር ሥራ ከማይክሮሶፍት ጋር መፎካከር የሚቻል አይመስለኝም፤ እኛ የምንችለው ማገዝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምስጢር እንግባ። ሜኑ ላይ የሚያዩት ስም ፕሮግራሙ አይደለም። ወደ ፕሮግራሙ የሚጠቁም ሾርትከት ነው፤ ዴስክቶፕ ላይ ባሉት አይከኖች ግርጌ የምትታየው ጥምዝ ቀስት ምልክቱ ናት። ክብደቱ አንድ ሁለት ኪሎባይት ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ሌላ ፎልደር ውስጥ፣ አንዳንዴም ብዙ ጊጋባይት ይዞ ተዘርግቷል። ስለዚህ ሜኑውን «ማጽዳት» ሲያምርዎ ሾርትከቱን ብቻ ዲሊት ያድርጉ። በር ላይ የተጻፈውን ስም ፍቀው ተከራዩ ወጣ ብለው ይተኙ። ዲስኩ እንደሞላ ነው፣ ፕሮግራሙም ከጀርባ ሥራውን ይሠራል፣ ሜኑው ግን ያምራል። አንዳንድ ጊዜ የሰረዙት ስም መልሶ ብቅ ቢል አይደንግጡ። ዊንዶውስ ዝርዝሩን ከሁለት ፎልደር ነው የሚቀዳው፣ ከተጠቃሚው ሁሉ የጋራ ፎልደርና ከእርስዎ ከራስዎ፤ እርስዎ ያጸዱት አንዱን ነው።

ሾርትከት ሌላም አገልግሎት አለው፤ ከቤት ይዘውት ቢወጡ ያዋርዳል። አጎቴ የእድሩን አባላት ስም ዝርዝር ዴስክቶፕ ላይ አገኙና ፍላሽ ላይ ገልብጠው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዱ። እኔም አብሬ ነበርኩ። ልጅቷ ፍላሹን ሰካች፣ ከፈተች፣ ግንባሯን ቋጠረች። መጀመሪያ የጠረጠረችው ሾርትከት ቫይረስን ነበር፤ ያ የፍላሽ መቅሠፍት እውነተኛውን ፋይል ደብቆ ቦታው ላይ ሾርትከት ስለሚያስቀምጥ ፍተሻ ጀመረች። ቫይረስ የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ ሾርትከት ነው። ፋይሉ ቤት ቀርቷል።»

«ምን ማለት ነው ቤት ቀረ? በገዛ እጄ ነው ኮፒ ያደረግሁት።»

«አንድ ኪሎባይት ነው እኮ።»

«ምን ችግር አለው? ዝርዝር ብቻ ነው፣ ፎቶ የለውም።»

ከኋላችን ሰባት ሰው ተሰልፏል። አጎቴ ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ቤት ተመለስን። ስብሰባው ያለ ዝርዝር ተካሄደ፤ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ በቃል ተነገረ፣ በቃልም ተካካዱ።

የሜኑው ዝርዝር ቢጠብብዎ ፎልደር ይክፈቱና ስሙን «ልዩ ልዩ» ይበሉት። የመሥሪያ ቤት ፋይል የያዘ ሰው የዚህን ስም ጉልበት ያውቃል፤ የማይገባበት ነገር የለም፣ የሚወጣበት ነገር የለም። ሲሞላ «ልዩ ልዩ 2»። ፎልደር በፎልደር ውስጥ መደራረብ ለሚወዱ አንድ መርዶ አለኝ፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 ሜኑ ላይ ያንን ሁሉ ጨፍልቀው በአንድ ደረጃ ያሳያሉ። ያኔ ወደ ዴስክቶፕ ይዙሩ፣ እዚያ ጥልቀቱ በእርስዎ ችሎታ ልክ ነው። ዱሮ ዊንዶውስ ኤክስፒ በየ60 ቀኑ እየመጣ «ያልነኳቸውን አይከኖች ልጥረግልዎ?» ይል ነበር። በችኮላ ሲዘጋ የኖረ ነው፣ ነፍሱን ይማር።

ስለ አነሣሡም ይታሰብበት። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሬ ልነሣ ያለውን ሁሉ እሺ ካሉ፣ ጠዋት ቁልፉን ተጭነው ቡና ማፍላት ይጀምሩ። አቦል ሲቀዳ ሰማያዊው ስክሪን ላይ ክቧ ትዞራለች። በቶና አይከኖቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ። በረካ ላይ ማውዙ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ አንደኛው አንቲቫይረስ «አድሱኝ» ይላል።

ይህ ሁሉ ልፋት ገደል የሚገባበት ሁለት መንገድ ስላለ ይጠንቀቁ። አንደኛው የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጭኖ የፕሮግራሙን ስም የመጀመሪያ ፊደሎች መጻፍ ነው። ዝርዝሩ የቱንም ያህል ቢዝረከረክ ፈልጎ ያመጣዋል፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ በቤት ውስጥ ባይወራ ይሻላል። ሁለተኛው ስሙ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ አንኢንስቶል ማለት ነው። ይህ ሾርትከቱን ብቻ ሳይሆን ተከራዩን ከነዕቃው ያስወጣል።

እኔ ይህን ስሕተት ፈጽሜያለሁ። አንድ እሑድ አጎቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳሉ ኦቶካዱን፣ ኤስፒኤስኤሱን፣ በርነሩን፣ ሦስቱን ማጫወቻና አንዱን አንቲቫይረስ አስወጣሁ። ሜኑው ላይ አንድ የግዕዝ መጻፊያ፣ ወርድ፣ ኤክሴልና ካርታው ከላይ ቀሩ። ኮምፒውተሩ አቦል ሳይቀዳ መነሣት ጀመረ።

ሰኞ ማለዳ ስልክ ተደወለ። «አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተሬን ምን አደረግህብኝ?»

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ባዶ ነው። ያ ሁሉ ንብረት የት ሄደ? ስንት ብር ከፍዬበት!»

ቴክኒሻኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። ያለውን ሁሉ መልሶ ጫነ፤ ሦስተኛ አንቲቫይረስም መረቀላቸው።