የከብርሃን ፈጣኑ ኒውትሪኖ አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፤ ሟች ከብርሃን ፈጣኑ ኒውትሪኖ የተባሉት ቅንጣት፣ ኦፔራ ከተባለ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2011 ተወለዱ። ከጄኔቭ አጠገብ ካለው የሰርን ቤተ ሙከራ ተነሥተው፣ አለቱን ሰንጥቀው 730 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ሲደርሱ ብርሃንን በ60 ናኖ ሰከንድ ቀድመው ተገኙ። በሩጫ ቢሆን 18 ሜትር ያህል መቅደም ነው። አንስታይን በ1905 “ብርሃንን የሚቀድም የለም” ብሎ ያጠረውን አጥር ዘለሉ ተባለ።

የወላጆቻቸውን ጠባይ ሳላነሣ ባልፍ ሟች ይታዘቡኛል። ሌላ ወላጅ ቢሆን እልልታው ሰፈር ያናውጥ ነበር። እነዚህ ግን ወራት ሙሉ ልጁን ሲያገላብጡ ከርመው ጎረቤት ጠሩና “ልጅ የሚመስል ነገር አግኝተናል፤ ተሳስተንም ይሆናል፣ እስቲ እናንተም እዩልን” አሉ። በጽሑፋቸውም ትርጓሜ ከመስጠት ሆን ብለው ተቆጠቡ። በክርስትናው ዕለት ስም ያላወጣ ወላጅ! ስሙን ያወጣነው እኛ ጋዜጠኞች ነን፤ “አንስታይን ተሳሳተ” ብለን። የጣሊያን የትምህርት ሚኒስትርማ ከሰርን እስከ ግራን ሳሶ ለተሠራው ዋሻ አገራቸው 45 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ማዋጣቷን በመግለጫ አበሠሩ። ዋሻ የሚባል ነገር የለም፤ ኒውትሪኖ አለት አያግደውም።

ሟች ትዳር አልመሠረቱም። ወረቀቱን ይዞ ሽማግሌ የሚልክ የንድፈ ሐሳብ ሊቅ ግን ሞልቶ ነበር።

በፌብሩዋሪ 2012 በድንገት ታመሙ። ሲመረመሩ የሰዓቱን ምልክት የሚያመጣው የፋይበር ገመድ መሰኪያ በደንብ አልጠበቀም ኖሯል። ወላጆች ያን ጊዜም ቁርጡን አልተናገሩም፦ ሁለት ችግር አግኝተናል፤ አንደኛው የልጃችንን ፍጥነት አጋንኖት ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን አሳንሶት ሊሆን ይችላል። ሐኪም እንዲህ ቢለኝ ሌላ ሐኪም እፈልግ ነበር። እነሱም የፈለጉት ይህንኑ ነው፤ በጁን 2012 ግራን ሳሶ ያሉ አራት ሙከራዎች ለየብቻ ለክተው ኒውትሪኖ ብርሃንን አልቀደመም አሉ። ሟች የእርግዝና ዕድሜ ያህል ኖረው በኪዮቶ ጉባኤ ተሸኙ።

ከኋላ ያላችሁ ድምፁ የሚቆራረጥባችሁ ካላችሁ ይቅርታ፤ የማጉያው ገመድ ሳይሆን አይቀርም። እባካችሁ አንድ ሰው ጠበቅ ያድርግልን።